የእንግሊዝኛ ፈሊጦችን እንዴት እናጥና? ከሰሙ ወደ ወርቁ

ጎንደር ፒያሳ ቡና ስጠጣ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ማራኪ ግቢ በር ላይ፤ ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «እነዚያን ፈረንጆቹ የሚሏቸውን አሪፍ አሪፍ አባባሎች በምን ላጥናቸው?» አስጎብኚ ይጠይቀኛል። አይኢኤልቲኤስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ይጠይቀኛል። ሆቴል ውስጥ እንግዳ የምትቀበል ልጅ ትጠይቀኛለች። በቃል መመለሱ ሰለቸኝና ጻፍኩት። ከእንግዲህ የጠየቀኝን ሁሉ «ይቺን አንብብ» ልለው ነው።

አብዛኛው ጠያቂ ቀድሞ የሞከረው ነገር አለ። «100 ምርጥ ፈሊጦች» የሚል ዝርዝር ከቴሌግራም ያወርዳል፣ ትርጉሙን ይሸመድዳል፣ በሳምንቱ ይረሳዋል። ካልረሳው ደግሞ ይብሳል። አንድ የማውቀው ልጅ ወደ ስሜን ተራሮች ለእግር ጉዞ የሚነሳ እንግዳ ሲሸኝ በፈገግታ «ብሬክ ኤ ሌግ!» አለው። ዝርዝሩ ላይ «መልካም ዕድል» ተብሎ ነው የተጻፈው። ውሸት አይደለም። ግን የሚባለው መድረክ ላይ ለሚወጣ ሰው ነው፤ ለተዋናይ፣ ለዘፋኝ፣ ንግግር ለሚያደርግ። ገደል ለገደል ሊሄድ ለተነሳ ሰው «እግርህን ስበር» ሲባል ምን ይላል? እንግዳው መጀመሪያ ልጁን አየ፣ ከዚያ ጫማውን አየ።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አሠራር ትርጉም ብቻ አያስይዝም። ፈሊጡን ከነቦታው፣ ከነሰዓቱ፣ ከነተናጋሪው ያስይዛል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ 50 ሉክ ደብተር። ለፈሊጥ ብቻ ይሁን፤ ከሌላ ትምህርት ጋር አትቀላቅሉት።
- ጥቁርና ቀይ እስክሪብቶ።
- ስልክና ኤርፎን። ስልኩ ድምፅ ይቅዳ እንጂ ምንም ዓይነት ቢሆን ግድ የለም።
- እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚተረጉም መዝገበ ቃላት። የካምብሪጅ ዲክሽነሪ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል፤ የቃላቱንም አነባበብ በብሪታንያና በአሜሪካ ድምፅ ያሰማል።
- የአሮጌ ካርቶን ቁራጮች፣ በመዳፍ ልክ የተቆረጡ።
- በቀን 20 ደቂቃ።

1. መጀመሪያ ሰሙንና ወርቁን ለዩ

እዚህ ጎንደር አዝማሪ ያልሰማ የለም። ማሲንቆውን ይዞ አንድ ስንኝ ይጥላል፣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ሰሙን ብቻ የሰማ ሰው ግራ ገብቶት ጎረቤቱን ያያል። ፈሊጥም እንደዚያው ነው። ቃል በቃል ሲፈታ የሚወጣው ሰሙ ነው፤ ተናጋሪው ሊል የፈለገው ወርቁ።

በአማርኛ ራሳችሁን ፈትኑ። «ሆዴ ባባ» ስትሉ ሆዳችሁ ምን ሆነ? «ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ» ስትሉ ዳባውን ማን አየው? ማንም። ይህን በደንብ ካያችሁ «ስፒልድ ዘ ቢንስ» የተባለ ሰው ባቄላ ሳይሆን ምስጢር እንዳፈሰሰ ለመቀበል አትቸገሩም።

ይህ እርምጃ ለምን ይቀድማል? ተማሪው እያንዳንዱን ቃል መፍታት ስለለመደ ነው። ፈሊጥ ግን ተበትኖ አይፈታም። ሙሉው ሐረግ እንደ አንድ ቃል ይያዛል።

2. በሳምንት 5 ብቻ ምረጡ

አምስት። አስር አይደለም። አምስቱንም ከራሳችሁ ውሎ ምረጡ። አስጎብኚ ከሆናችሁ እንግዳና መንገድን የሚመለከት፣ ሱቅ ካላችሁ ዋጋን የሚመለከት፣ ተማሪ ከሆናችሁ ፈተናንና ድካምን የሚመለከት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በሳምንቱ ውስጥ የምትናገሩበት አጋጣሚ የሌለው ፈሊጥ አይቆይም።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እነዚህን አስር እሰጣለሁ። ዛሬም በእውነት የሚነገሩ ናቸው።

- «ፒስ ኦቭ ኬክ»፦ በጣም ቀላል ነገር።
- «ኮስት አን አርም ኤንድ ኤ ሌግ»፦ ዋጋው የማይቀመስ። ሰሙ «አንድ ክንድና አንድ እግር ያስከፍላል» ነው።
- «ዋንስ ኢን ኤ ብሉ ሙን»፦ ከስንት አንዴ።
- «ኮል ኢት ኤ ዴይ»፦ ለዛሬ ይብቃን።
- «ስፒል ዘ ቢንስ»፦ ምስጢር ማውጣት።
- «ብሬክ ዘ አይስ»፦ በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል ያለውን ዝምታ መስበር።
- «ዘ ላስት ስትሮ»፦ በብዙ በደል ላይ ተጨምራ ትዕግሥት የምታስጨርስ ትንሽ ነገር። ሰሙ ግመል ላይ የተጫነችው የመጨረሻዋ ጭድ ናት። ጭነቱ ስለበዛ እሷው የግመሉን ወገብ ሰበረች ይባላል።
- «ኤ ብሌሲንግ ኢን ዲስጋይዝ»፦ መጀመሪያ ክፉ መስሎ በኋላ ለበጎ የሆነ።
- «ኦን ዘ ሴም ፔጅ»፦ በአንድ ጉዳይ ላይ እኩል መረዳት።
- «አንደር ዘ ወዘር»፦ አመም ያደረገው።

ውበት ለሚፈልግ አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ልጨምር። «ኤቭሪ ክላውድ ሃዝ ኤ ሲልቨር ላይኒንግ።» ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ጎሃ ኮረብታ ላይ ቁሙ። ጥቁር ደመና ከተማውን ይሸፍናል፣ ፀሐይዋ ከጀርባው ሆና ጠርዙን እንደ ብር ታበራዋለች። ሰሙ ይኸው ነው። ወርቁ፣ ክፉ ነገር ሁሉ አንድ ደህና ነገር አያጣም። እኛ «ሳይደግስ አይጣላም» የምንለው ነው።

3. ለአንድ ፈሊጥ አንድ ገጽ ስጡ

ጉልበታችሁን እዚህ ላይ አውጡ። ገጹ ላይ ስድስት መስመር ይኖራል። ሰሙን በጥቁር፣ ወርቁን በቀይ ጻፉ። የእኔን አንድ ገጽ እንዳለ ልገልብጠው።

ፈሊጥ፦ «አንደር ዘ ወዘር»
ሰም፦ ከአየሩ በታች
ወርቅ፦ አመም አድርጎኛል፤ ትንሽ ታምሜያለሁ
ቦታ፦ ጉንፋን፣ ራስ ምታት፣ ድካም። ለከባድ በሽታ ወይም ለስብራት አይሆንም። ለአለቃም ለጓደኛም ይባላል።
አካሄድ፦ «አይ አም» ወይም «አይ ፊል» ይቀድመዋል። «ዘ» አይወጣም።
የእኔ ዐረፍተ ነገር፦ «አይ ወዝ አንደር ዘ ወዘር አፍተር ጥምቀት፣ ሶ አይ ስቴይድ ሆም።»

የመጨረሻውን መስመር ልብ በሉ። ጥር 11 ሌሊት ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ቆሜ አድሬ፣ በማግስቱ እያስነጠስኩ የጻፍኩት ነው። ፈሊጡን ሳስብ ያ ብርድ ይመጣብኛል፤ ብርዱ ሲመጣ ፈሊጡ ይመጣል። ከኢንተርኔት የተቀዳ ምሳሌ ይህን አያደርግም። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ የግድ ከእናንተ ሕይወት ይሁን። የሚያስቅ ወይም የሚያናድድ ከሆነ ደግሞ እሰየው።

«ቦታ» የሚለውን መስመር ባዶ የሚተው ብዙ ነው። ያ «ብሬክ ኤ ሌግ» ያለው ልጅ ቦታውን ጽፎ ቢሆን ኖሮ እንግዳውን በሰላም ይሸኘው ነበር።

4. ማን ለማን እንደሚለው አጣሩ

መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ከፈሊጡ አጠገብ ትንንሽ ምልክቶች አሉ። «ኢንፎርማል» ካለ ለጓደኛ ነው፤ ለማመልከቻና ለሐዘን አይሆንም። «ኦልድ ፋሽንድ» ካለ ዛሬ ብዙም አይባልም። «ዩኬ» ወይም «ዩኤስ» ካለ የአንዱ አገር ነው። ለምሳሌ ክፉ እንዳይነካን ስንመኝ እንግሊዙ «ተች ውድ» ሲል አሜሪካዊው «ኖክ ኦን ውድ» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። እናንተ አንዱን መርጣችሁ ያዙ።

ይህን እርምጃ ለምን እንደማጠብቀው ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ ፋሲል ግቢ በር ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ እንግሊዛዊት አገኘሁ። ጉዞውን ያቀደው ባለቤታቸው እንደነበረ፣ ግን ባለፈው ዓመት እንዳረፈ ነገሩኝ። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት አንድ ፈሊጥ አጥንቻለሁ። ትርጉሙ «ሞተ» ነው። ማዘኔን ለመግለጽ ብዬ «ኦ፣ ሂ ኪክድ ዘ ባኬት?» አልኳቸው። ሴትዮዋ ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ። «የስ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ። የተናገርኩት «ባልዎ ክልትው አሉ?» እንደማለት መሆኑን ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው። ለሐዘንተኛ «ፓስድ አዌይ» ይባላል፤ «አረፉ» እንደምንለው።

5. የአማርኛ ጓደኛውን ፈልጉ

ስትፈልጉ ቃሉን አትከተሉ። ሁኔታውን ተከተሉ። የምታገኙት ከሦስት በአንዱ ይመደባል።

አንደኛው መንትያ ነው። ሰሙም ወርቁም አንድ። «ክሮኮዳይል ቲርስ» የአዞ እንባ ነው። «ኪል ቱ በርድስ ዊዝ ዋን ስቶን» ደግሞ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ። እነዚህን በአንድ ቀን ጨርሷቸው፤ ጊዜ አያባክኑም።

ሁለተኛው ሰሙ ሌላ፣ ወርቁ አንድ የሆነ ነው። እኔ የምወዳቸው እነዚህን ነው። «አውት ኦቭ ዘ ፍራይንግ ፓን ኢንቱ ዘ ፋየር» ሰሙ ከመጥበሻው ወደ እሳቱ ነው። እኛ «ከእሳት ወደ ረመጥ» እንላለን። «ፓይ ኢን ዘ ስካይ» ሰማይ ላይ ያለ ኬክ መሰል ምግብ ነው፤ የማይጨበጥ ተስፋ። የእኛው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አይደለም? እነሱም እኛም የማይደርሱበትን ምግብ ሰማይ ላይ ሰቅለነዋል። «ኢት ኢዝ ኖ ዩዝ ክራይንግ ኦቨር ስፒልት ሚልክ»ም አለ፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። «ኮት ሬድ ሃንድድ» እጅ ከፍንጅ መያዝ ነው። «ተርን ኤ ዴፍ ኢር» ጆሮ ዳባ ልበስ። እንዲህ የተጣመረ ፈሊጥ በቀላሉ አይረሳም፤ አዲሱ በቆየው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀመጣልና።

ሦስተኛው አሳሳቹ ነው። ሰሙ የእኛን ይመስላል፣ ወርቁ ሌላ ነው። «ፑል ማይ ሌግ» ሲሰሙት እግሬን ጎተተኝ፣ ወደኋላ አስቀረኝ ይመስላል። ወርቁ ግን ቀለደብኝ፣ አሾፈብኝ ነው። «ሲ አይ ቱ አይ» ዓይን ለዓይን መተያየት ይመስላል፤ ወርቁ በሐሳብ መስማማት ነው። «ኮልድ ፊት» ከብርድ ጋር ምንም አያገናኘውም። አንድ ነገር ለማድረግ ወስኖ በመጨረሻው ሰዓት መፍራት ነው፤ ልቡ ከዳው እንደምንለው። እነዚህን ደብተራችሁ ላይ በቀይ አክብቡ።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትሄዱም ወጥመዱ ያው ነው። «እጀ ረጅም ነው» ለማለት «ሂ ሃዝ ኤ ሎንግ ሃንድ» ያለ ተማሪ ነበረኝ። ሰሚው የሚያስበው ክንዱ ጉልበቱ የደረሰ ሰውዬ ነው። እንግሊዝኛው «ስቲኪ ፊንገርስ» ይላል፤ ዕቃ የሚጣበቅበት ጣት።

6. አፋችሁን አስለምዱ

ቃላቱን ከመዝገበ ቃላቱ፣ ፈሊጡን ከቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ አጫጭር ዝግጅቶች አድምጡ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትሄዱ አውርዳችሁ ያዙት፣ ቤት ያለ ዳታ ትሰሙታላችሁ። ከዚያ ድምፃችሁን ቀድታችሁ አወዳድሩ።

ምክንያቱ፣ ፈሊጥ ሲነገር ይያያዛል። «ፒስ ኦቭ ኬክ» እያንዳንዱ ቃል ተለይቶ አይወጣም፤ «ፒሰቭኬክ» ነው የሚመስለው። ተነጣጥሎ ሲነገር ሰሚው እውነተኛ ኬክ የሚቀርብለት ይመስለዋል።

የሚታጠፈውንና የማይታጠፈውንም ለዩ። ግሱ ከጊዜ ጋር ይታጠፋል፦ «ስፒል»፣ «ስፒልድ»። የማን እንደሆነ የሚናገረው ቃል ይለዋወጣል፦ «ፑሊንግ ማይ ሌግ»፣ «ፑሊንግ ሂዝ ሌግ»። ስሙ ግን አይነካም። ባቄላውን በአተር ብትቀይሩት፣ ሽሮ ቤት ውስጥ ብትሆኑም እንኳ፣ ፈሊጥነቱ ያበቃል። ቅደም ተከተሉም አይነካም፤ ክንዱ ይቀድማል፣ እግሩ ይከተላል።

7. በሳምንቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጠቀሙበት

ሦስት ሰዎች ሁኑ። አንዱ የገጠመውን በአማርኛ በአጭሩ ያወራል፣ ፈሊጡን ግን አይጠራም። ሌሎቹ የሚስማማውን እንግሊዝኛ ፈሊጥ ይጠራሉ። «ቅዳሜ ገበያ ሄጄ የአንድ ዶሮ ዋጋ ጠይቄ በእግሬ ተመለስኩ» ካለ፣ ክንድና እግር መምጣቱ አይቀርም። ይህ ጨዋታ የሚጠቅመው ከሁኔታ ወደ ፈሊጥ ስለሚያስኬድ ነው። ስንናገር የምንሄደው በዚያ አቅጣጫ ነው፤ ዝርዝሩ ግን ከፈሊጥ ወደ ትርጉም ብቻ ነው የሚያለማምደው።

ሰው ካጣችሁ ለራሳችሁ የድምፅ መልእክት ቅዱ። የአንድ ደቂቃ ወሬ፣ ውስጡ አንድ ፈሊጥ።

8. በ1፣ በ3፣ በ7 እና በ30ኛው ቀን ከልሱ

ካርቶኑ ላይ በአንድ በኩል ሁኔታውን፣ በሌላው ፈሊጡን ጻፉ። ሁኔታውን አይታችሁ ፈሊጡን ጥሩ። ከጠራችሁት ካርቶኑ ወደ ቀጣዩ ቀጠሮ ያልፋል፤ ካቃታችሁ ወደ ቀን 1 ይመለሳል። እየራቀ የሚሄደው ቀጠሮ ልትረሱት ስትሉ ስለሚያስታውሳችሁ ነው የሚሠራው። ባጃጅ ስትጠብቁ ኪሳችሁ ውስጥ አምስት ካርቶን ይኑር።

ማስጠንቀቂያ

- በአንድ ጭውውት አንድ ፈሊጥ ይበቃል። ቢበዛ ሁለት። በርበሬ የበዛበት ወጥ አትሥሩ።
- አይኢኤልቲኤስ የምትፈተኑ፦ በንግግሩ ክፍል ፈሊጣዊ አነጋገርን በቦታው መጠቀም ነጥብ ያግዛል፤ ለ7 ደረጃ በመመዘኛው ተጠቅሷል። በቦታው ካልሆነ ግን ፈታኙ ሸምድዳችሁ እንደመጣችሁ ወዲያው ያውቃል። በአካዳሚክ ጽሑፉ ክፍል «ፒስ ኦቭ ኬክ» አትጻፉ።
- «ኢትስ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» የተማሪ ሁሉ ተወዳጅ ናት። እንግሊዞቹ ራሳቸው ግን ዛሬ ብዙም አይሏትም። ሲሏት ግቡ፣ እናንተ ግን ተዉአት።
- ስለ ፈሊጥ አመጣጥ በኢንተርኔት የሚዞረው ታሪክ ብዙው ፈጠራ ነው። ለማስታወስ ከረዳችሁ ያዙት፤ ለእንግዳ እንደ እውነት አትተርኩት።
- ለልምምድ ብላችሁ መንገደኛ ቱሪስት አታስቁሙ። ደክሞታል።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

«ዘ» እና «ኤ» የምትባለዋን መጣል ቀዳሚው ነው። በአማርኛ ለብቻዋ የምትቆም ቃል ሆና ስለሌለች እንረሳታለን፤ ስለዚህ ገጹ ላይ ከሥሯ አስምሩ። ሁለተኛው፣ ፈሊጥን ከምሳሌያዊ አነጋገር ጋር አንድ አድርጎ ማጥናት። ምሳሌው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ስለሆነ እንዳለ ይጠቀሳል፤ ፈሊጡ ግን በእናንተ ዐረፍተ ነገር ውስጥ መግባት አለበት። ሦስተኛው፣ ተናግሮ ወዲያው ማብራራት። «ፒስ ኦቭ ኬክ፣ አይ ሚን፣ ቬሪ ኢዚ» ያለ ሰው ቀልዱን ራሱ የፈታ አዝማሪ ነው።

እየተናገራችሁ ፈሊጡ መሃል ላይ ከጠፋባችሁ አትፈልጉት። ግማሹን ብቻ ጠርታችሁ «ኢት ኢዝ ኤ ፒስ ኦቭ... ኦቭ...» እያላችሁ አትቁሙ። «ቬሪ ኢዚ» በሉና ወሬውን ቀጥሉ። ማታ ካርቶኑን ወደ ቀን 1 መልሱት።